በአሚን የተዘጋው ፋይል

ሰው በሰው ላይ ከሚፈጽመው በደል ሁሉ መፍትሔ የሌለው በአዘኔታ የሚፈጸመው ነው። የጠላችሁን ሰው ትከሱታላችሁ፤ ቢያቅታችሁ ታኮርፉታላችሁ። ያዘነላችሁን ሰው ግን ምን ታደርጉታላችሁ? ገና አፋችሁን ስትከፍቱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እናንተም የመጣችሁበትን ጉዳይ ትታችሁ እሱን ማባበል ትጀምራላችሁ። በዚህ ረገድ ከከሚሴ ሰው ሁሉ የእኔን ያህል የታዘነለት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም። የምሄደው በክራንች ነው። በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የገበያ መረጃ ባለሙያ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራው ምን መሰላችሁ? በገበያ ቀን ጨፋ ሮቢት ወርዶ የማሽላና የጤፍ ዋጋ መመዝገብ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ባቲ ሄዶ በግመልና በፍየል መሃል እየተጋፉ የከብት ዋጋ መጠየቅ ነው። አንድ ቀን ግመል ክራንቼን ረግጦ ለሁለት ሰበረው። በተሰበረ ክራንች እየተንፏቀቅኩ ቢሮ ስገባ የተባልኩት ምን እንደነበር ልንገራችሁ? «ሪፖርቱ ዘገየ።» ያኔ ከንፈሩን የመጠጠልኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የቡድን መሪ ቦታ ክፍት ሆነና ማስታወቂያ ወጣ። የራሴ ቡድን ነው። እኔ ሥራ ያስተማርኳቸው ሁለት ልጆች በየተራ አለቆቼ ሆነው አልፈዋል፤ ሦስተኛውን አስተምሬ ለመሾም ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ተመዘገብኩ። ለፈተና የሚቀርቡት ሰዎች ስም ሲለጠፍ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበብኩት። የእኔ ስም የለም።

የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ሰይድ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ! ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አብሽሪ» አለኝ። አብሽር ማለት እኛ አገር ለሐዘንተኛም፣ ለበሽተኛም፣ ባጃጅ ላመለጠውም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ከዚያ ምክንያቱን በሹክሹክታ ነገረኝ። የቡድን መሪነት መስክ መውጣት አለበት፤ እኔ እንዳልንገላታ ኮሚቴው አዝኖልኝ ስሜን ከዝርዝሩ አወጣው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ መስክ የሚልከኝ ደብዳቤ ላይ የሚፈርመው ማን ይመስላችኋል? ራሱ አቶ ሰይድ! ለካ እግሬ ለባለሙያነት ጤነኛ ነው፣ የሚታመመው ለሹመት ሲሆን ብቻ ነው።

ተቃጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ሁለት ገጽ ቅሬታ ጻፍኩ። ሥራውን መሥራት የሚችል ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከውድድር እንዳይወጣ የሚከለክለውን አዋጅም ኮፒ አድርጌ በስቴፕለር አያያዝኩና አስገባሁ። ከሳምንት በኋላ አቶ ሰይድ ራሱ ያለበት፣ አምስት አባላት ያሉት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጠራኝ። ክርክሬን በልቤ እያጠናሁ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ከኮሚቴው መሃል ግን ሸህ አሊ ተቀምጠዋል፤ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ዱአቸው ይደርሳል የሚባሉት። ክርክር የለም፣ ጥያቄ የለም። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ አላህ እንዲያሽረኝ፣ ልቤን እንዲያሰፋልኝ ለመኑልኝ። አምስቱም አሚን አሉ። እኔስ? በከሚሴ ምድር ሸህ አሊ ዱአ እያደረጉ አሚን የማይል ማን አለ? አሚን አልኩ። ያውም ከልቤ።

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ቅሬታ አቅራቢዋ በተደረገላት ዱአ ላይ አሚን በማለት በውሳኔው መስማማቷን ስላረጋገጠች፣ ፋይሉ ተዘግቷል።» ማህተም አለው። ቁጥር አለው። ቅሬታዬንም አብረው መልሰውልኛል፤ የስቴፕለሩ ሽቦ እንኳ አልተነቃነቀም፣ ከሥር ያለውን አዋጅ ማንም አልገለጠውም።

ከዚያ በኋላ ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔ ሸህ አሊ ቤት ሄድኩ። ደብዳቤውን ሳነብላቸው ሁለቴ አስደገሙኝ። ታማለች ተብለው እንደመጡ፣ የሥራ ጉዳይ መሆኑን ነፍስ ያለው ሰው እንዳልነገራቸው ማሉልኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእኔን ዱአ የሰው ሐቅ መሸፈኛ አደረጉት?» አሉና ከዘራቸውን አነሱ። ነገ አብረን እንሂድ ቢሉኝ በደስታ ተስማማሁ።

በነጋታው ኮሚቴው ሸህ አሊን ሲያይ በአክብሮት ተነሣ፣ የእኔን ክራንች ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። እሳቸው ተቀመጡና የትናንት በስቲያው ዱአ ጎዶሎ ነበር፣ ልጨርሰው መጥቻለሁ አሉ። እጆች ሁሉ ተዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የዚህችን ልጅ ሐቅ እያወቀ የያዘውን፣ በሷ ላይ ያደረገውን በልጆቹ ላይ አሳየው!» አሉና ጠበቁ። አቶ ሰይድ የተዘረጉ እጆቹን የት እንደሚያስገባቸው ጠፋው። ሸህ አሊ አንድ በአንድ እያዩዋቸው፣ ለዚህኛው አሚን የሚል ጠፋ ወይ ብለው ጠየቁ።

ቀጥለው ከወረቀቴ ጋር የተያያዘው ምን እንደሚል እንዲነበብላቸው አዘዙ። ሰብሳቢው ሽቦውን ነቅሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አዋጁን ጮክ ብሎ አነበበ። አቤት የኮሚቴው መደነቅ! ገና ትናንት የወጣ ይመስል እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸህ አሊ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ይሄ ተጽፎ ካለ፣ እኔን ምን ብላችሁ ጠራችሁኝ?»

ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ተፈተንኩ፣ አንደኛ ወጣሁ፣ ተሾምኩ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እኔም ይቅር ብያቸው ነበር። ግን የቡድን መሪ የመጀመሪያ ሥራ ምንድን ነው? የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አይቶ መፈረም። ገጾቹን ስገልጥ የሰው ሀብት ስለ ቡድናችን ሞልቶ ከላከው ሠንጠረዥ ላይ ደረስኩ። «ድጋፍ የተደረገላቸው ሠራተኞች፦ አንድ አካል ጉዳተኛ። የድጋፉ ዓይነት፦ በኮሚቴው መልካም ፈቃድ የተሰጠ ሹመት።»

ተፈትኜ ያገኘሁትን ወንበር ምጽዋት አድርገው ሊቆጥሩልኝ! ሙሉውን ረድፍ ልሰርዘው ብዕሬን አነሳሁና ቆም አልኩ። ለምን እሰርዘዋለሁ? ድጋፍ መደረጉማ እውነት ነው፣ ስህተቱ ተደጋፊው ላይ ነው። «አንድ አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ብቻ ሰረዝኩና «አምስት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አባላት» ብዬ ጻፍኩ። የድጋፉ ዓይነት በሚለው ሥር ደግሞ «አዋጅ ተነቦላቸዋል» አልኩ። ፈረምኩና ማህተም አስመትቼ ወደ ክልል ላክሁት።