ስንብት ለጠየቀ ስምሪት

በነቀምቴ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ ጥራት የእኛን የሚስተካከል የለም። ስሙን የማልጠቅሰው ሌሎቹ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው። ቅርንጫፍ በመሆናችን ደብዳቤ የምንጽፈው በአማርኛ፣ ሰላም የምንባባለው በኦሮምኛ ሲሆን ሥራ የምንሠራው ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲደውል ነው። በዚህ አኳኋን ስንት ዘመን ተሻግረናል።

እንዲህ ያለውን ጸጋ የሚጠላ ሰው በመካከላችን ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሠርፀ ግን ጠላው። ሠርፀ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ለገቢ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጣል፣ ለወጪ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጣል፣ እንዲህ ሲሰጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ ሰው ለአገሩ ከዚህ በላይ ምን ይስጥ? መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግንብ ሲሆን፣ ይህም ሐሳቡ እንዳይበተን ታስቦ የተደረገ ነው። እሱ ግን በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ ክራር ይመታል። ሲመታ ደግሞ ያምርበታል። ይህን የምለው በግሌ ነው፣ መሥሪያ ቤቱን አይወክልም።

የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ፈየራ የሚባል ዘፋኝ ነው። አንድ አሮጌ ሚኒባስ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያና አንድ ከበሮ መቺ ይዞ ጉቴ፣ ቢላ፣ ጊምቢ እያለ በዙሪያችን ባሉ ከተሞች በየሠርጉ ይዘፍናል። ለአንድ ጉዳይ ቢሯችን መጥቶ ደብዳቤው እስኪፈረም ሲጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ላይ የክራር ድምፅ ሰማ። ክራር መቺው ጥሎት ሄዶ ነበርና በቀጥታ መዝገብ ቤቱን አንኳኳ።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይሄ እጅ ቁጥር ሊጽፍ ነው የተፈጠረው?» አለው። «ኮቱ፣ አብረን እንሂድ።»

ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ሠርፀን «አምጣ» እንጂ «ና» ያለው ሰው ስላልነበረ ነገሩ ልቡ ገባ።

ዝም ብሎ ውልቅ ቢል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን የእኛው ሰው ነው፤ ደብዳቤ ካልደረሰው ዝናብ ቢዘንብበት እንኳ ጃንጥላ አይዘረጋም። በገዛ ፈቃዱ ከሥራ እንዲሰናበት ማመልከቻ ጻፈ፣ ለማመልከቻው ራሱ ቁጥር ሰጠ፣ ራሱም ለኃላፊያችን ለአቶ ማዘንጊያ አቀረበ። ሚኒባሱ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል፣ ከዚያ በፊት ነጻ ሰው መሆን እፈልጋለሁ ሲል አሳዘነኝ። አቶ ማዘንጊያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብለው ተረቱበትና ከማመልከቻው ጫፍ ላይ «ይጻፍለት» ብለው መሩ።

ጸሐፊያችን ሔለን ልትጽፍ ብትቀመጥ ችግር ገጠማት። ከቅርንጫፋችን በገዛ ፈቃዱ የወጣ ሰው ስለሌለ የስንብት ደብዳቤ ናሙና ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ያለ ናሙና ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ድፍረት ነው። በፊደል ተራ ስትፈልግ ለስንብት የቀረበ «ስምሪት» የሚል አገኘች፤ ወደ መስክ ለሚላክ ሠራተኛ የሚሰጠው ነው። ስሙንና ቀኑን ቀየረች፤ «የተሰማራበት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ከማመልከቻው «ክራር መምታት» የሚለውን ገለበጠች። አቶ ማዘንጊያም እንደ ልማዳቸው የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይተው ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታበት።

ሠርፀ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወዲያው ወደ ኃላፊው ገባ።

«ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁት ስንብት ነው። ይሄ ስምሪት ይላል።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው አልተሳሳተም። ባለማኅተም ደብዳቤ ይታረም ካልን ነገ የትኛው ሊቀር ነው? በል ተሰማራ።»

ተሰማራ። ስምሪት ያለ ሪፖርት አይሆንምና በየሳምንቱ የሚሞላ ቅጽ ተላከለት፦ የጨፈሩ ወገኖች ብዛት በፆታ፣ ያላጨበጨቡ ካሉ ምክንያቱ፣ ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ የመፍትሔ እርምጃዎች። ምስኪኑ ቢላ ላይ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ በእጁ ክራር ይመታል፣ በከንፈሩ ሰው ይቆጥራል። ጉቴ ላይ አንዲት እናት ጨፍረው ሲቀመጡ ቅጹ ላይ እንዲፈርሙ ቢጠይቃቸው፣ መሬቴን ሊወስድብኝ ነው ብለው ሠርጉን ጥለው ወጡ። አንድ ሳምንት «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር «ስምሪቱ ስንብት አለመሆኑ» ብሎ ጻፈ። «በቀጣይ የሚታይ» ተብሎ ተመለሰለት።

ፈየራ መጀመሪያ በቅጹ ሳቀ። በሁለተኛው ወር ራሱ ይሞላው ጀመር። በሦስተኛው ወር፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ወንበር የሚሽከረከር ነው ወይስ የማይሽከረከር እያለ ሠርፀን ይጠይቀው ነበር አሉ።

ሪፖርቱ ሲደመር አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሆነ። ቅርንጫፋችን ይህን ያህል ሰው አስደስቶ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር አንድም አስደስቶ አያውቅም። ዋናው መሥሪያ ቤት «ሞዴል ቅርንጫፍ» አለን። አቶ ማዘንጊያ በስብሰባው ላይ ይህ ውጤት አመራሩ በየመስኩ ያደረገው የቅርብ ክትትል ፍሬ ነው አሉ። ከወንበራቸው እስከ ስብሰባ አዳራሹ ያለውን መስክ በእርግጥም በቅርብ ይከታተላሉ። ውጤቱ ቀጣይነት እንዲኖረው ሙዚቃው ከመንገድ ወደ ቢሮ እንዲገባ ተወሰነ። ሚኒባሱ ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ፈየራ የሙዚቃ ሥራ ሂደት አስተባባሪ ተብሎ ጠረጴዛ ተሰጠው።

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እንደ ወፍ በአገሩ ሲዞር የኖረ ሰው እንዴት ይቀመጣል? ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ተሽከረከረ።

«ይሄን ወንበር ትተህ ነው እኔን የተከተልከው?» አለው ሠርፀን፣ ከልቡ እያዘነለት።

«ፈየራ፣ ነገ ጊምቢ ሠርግ አለን። ተነስ እንሂድ።»

«በምን ደብዳቤ?»

ሠርፀ ክራሩን አንስቶ ወጣ፤ መውጫ ሰዓት ላይ አልፈረመም፣ ቁልፉንም አላስረከበም። በሩ ላይ ቆሜ ወደ መናኸሪያው ሲሄድ አየሁት። በሰው እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም።

መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለውን ድፍረት በዝምታ አያልፍም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቁሞ ሁለት ቀን ሙሉ መከረ። አንዱ አባል ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል ብሎ ቢለምንም ኮሚቴው አልራራለትም፤ በመመሪያው ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን ከባድ ቅጣት ወሰነበት። ከሥራ ተሰናበተ። ደብዳቤውን ያረቀቀው ፈየራ ነው፤ ለሌሎቻችን መቀጣጫ እንዲሆንም በየክፍሉ ተለጠፈ። አንዱ ኮፒ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ ለእንዲህ ያለ ቅጣት የሚያበቃኝ ጥፋት የቱ ይሆን እያልኩ በየቀኑ አነበዋለሁ።