ከቅጣት ሳጥን እስከ ካዛክስታን

[የብሬዞፍ ከተማ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ውጤቱ ሁለት ለሁለት። የእንግዳው ቡድን፣ የቪሶካው የቀኝ ክንፍ ዳሊቦር ስክሌንካ የአንዱን ቀይ ለባሽ የብሬዞፍ ልጅ ከንፈር በዱላው ጫፍ ሰንጥቆ የአራት ደቂቃ ቅጣት ተከናንቧል፤ ቅጣቱ እስኪያልቅ ቡድኑ አንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም፤ ምላሱ ግን ሙሉ ነው። የቅጣት ሳጥኑን በር የያዙት እትዬ ጊዜላ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር መሻገሪያ ጠባቂ። ዛሬ የመጡት ወገቡን ያመመውን ባላቸውን ተክተው ነው።]

ጊዜላ፦ ተነሳልኝ ልጄ፣ ክሬ ላይ ነው የተቀመጥከው።

ዳሊቦር፦ እትዬ፣ ይሄ የቅጣት ሳጥን ነው። የክር ማስቀመጫ አይደለም።

ጊዜላ፦ ክሩ ቀድሞህ ነው የገባው።

ዳሊቦር፦ ክሩ ደግሞ ምን አጥፍቶ ገባ?

ጊዜላ፦ ክሩስ ምንም አላጠፋ። የሰው ከንፈር የቀደድከው አንተ ነህ።

ዳሊቦር፦ [ከሥሩ እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈ የሱፍ ክር እያወጣ] ይኸው ክርዎ። እኔ አልቀደድኩም፤ እሱ ነው ከንፈሩን አምጥቶ ዱላዬ ላይ ያስቀመጠው።

ጊዜላ፦ እንዳንተ የሚሉ ሹፌሮች ስንቱን አይቻለሁ። «እኔ ቆሜ ነበር፣ ባቡሩ ነው የመጣብኝ» ይሉ ነበር።

[እትዬ ጊዜላ ወደሚሠሩት ካልሲ ተመለሱ። ዳሊቦር ፊቱን ወደሳቸው አዙሮ ጀርባውን ለበረዶው ሰጠ።]

ጊዜላ፦ ጨዋታው እኮ በወዲያ በኩል ነው።

ዳሊቦር፦ እኔ ከዚህ ሳጥን ሆኜ በረዶውን አላይም። ገድ ይሰብራል። ባየሁ ቁጥር ጎል ይገባብናል።

ጊዜላ፦ አንተ ስታይ?

ዳሊቦር፦ የተፈተነ ነገር ነው። አንዴ በአንድ ዓይኔ ብቻ አጮልቄ ባይ የምንጫወትባት ትንሿ ጎማ የጎሉን ብረት መታች።

ጊዜላ፦ በሁለቱ ብታይ ትገባ ነበር።

ዳሊቦር፦ ተመስገን፣ የገባው ሰው አገኘሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ጊዜላ፦ እንግዲያው ሰዓቱን እኔ ልንገርህ? ባሌ ኢምሪህ «ሰዓቱ ሲያልቅ በሩን ክፈቺ፣ ሌላ ነገር ውስጥ አትግቢ» ነው ያለኝ።

ዳሊቦር፦ ለኔ ሰዓት አይነገርም እትዬ። እዚህ ሳጥን ስገባ ስወጣ ነው ጎልምሼ ያረጀሁት። የቅጣት ሰዓት የሚቆጠረው ደሜ ውስጥ ነው።

ጊዜላ፦ ታዲያ ወደ ላይ ምን ታንጋጥጣለህ?

ዳሊቦር፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] ያንን ከላይ የተቀመጠውን ባለ ፀጉር ባርኔጣ ያዩታል? የቡድናችን ፕሬዚዳንት ነው። ዛሬ ካሸነፍን ለአንድ ዓመት ያስፈርመኛል። ከተሸነፍን ሰኞ ጠዋት አማቴ ጎማ ቤት ነኝ፣ የመኪና ጎማ ስፈታ ስገጥም።

ጊዜላ፦ ከትንሽ ጎማ ወደ ትልቅ ጎማ ነዋ። እድገት ነው።

ዳሊቦር፦ አማቴን ስለማያውቁት ነው። የሠርጌ ዕለት እንኳን ደስ አለህ ሳይለኝ የመኪናዬን ጎማ በእግሩ ረግጦ «ይሄ አልቆለታል» አለ። ስለ ጎማው ይሁን ስለኔ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ጊዜላ፦ ለመሆኑ አንተ ምንድነው ሥራህ? ሌሎቹ መሀል ሲተራመሱ አንተ ጥግ ጥጉን ነህ።

ዳሊቦር፦ ክንፍ ነኛ። የቀኝ ክንፍ።

ጊዜላ፦ ስትበር አላየሁህም። ስትወድቅ ነው ያየሁህ።

ዳሊቦር፦ እትዬ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጡ አላወቁም። ከመጀመሪያው ላጫውትዎት።

ጊዜላ፦ ያለህ አራት ደቂቃ ነው።

ዳሊቦር፦ ይበቃኛል።

[አልበቃውም።]

ዳሊቦር፦ አባቴ በክረምት ጓሯችንን በቱቦ ውሃ ይሞላዋል። ጠዋት ስነሳ ጓሮው መስታወት ሆኗል። እዚያ ላይ ነው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አድርጌ የቆምኩት። ከሥር የናቴ ነጭ ሽንኩርት ነበር።

ጊዜላ፦ በመከር የተተከለው?

ዳሊቦር፦ አዎ፣ እና እኔ ገና ሕፃን ሆኜ እንዲህ ስታጠፍ...

ጊዜላ፦ ሽንኩርቱ በቀለ?

ዳሊቦር፦ ሽንኩርቱን ይተዉት እትዬ።

ጊዜላ፦ ምነው ልተወው። እናትህ ምን አለች?

ዳሊቦር፦ እስከ ፋሲካ አባቴን አላናገረችውም። ከዚያ እኔን ካናዳ ወሰዱኝ።

ጊዜላ፦ በሽንኩርቱ ምክንያት?

ዳሊቦር፦ በችሎታዬ። ከሰው ስንዴ የሚበዛባት ከተማ። አንድ ቤተሰብ ጋ አስቀመጡኝ። ከቋንቋቸው የማውቀው «እሺ» የሚለውን ብቻ ነው። በእሺ በእሺ ውሻቸውን የማጥበው እኔ፣ በራፉን በአካፋ የምጠርገው እኔ፣ ለገና ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሀል ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ጊዜላ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ስትሠራላቸው ለምን አባረሩህ?

ዳሊቦር፦ ማን አባረረኝ? ወደ ላይ ወጣሁ እንጂ። ትልቁ ሊግ፣ አሜሪካ። ዓለም በሙሉ የሚያየው።

ጊዜላ፦ ስንት ዓመት ተጫወትክ?

ዳሊቦር፦ በዓመት አይለካም።

ጊዜላ፦ በወር?

ዳሊቦር፦ እትዬ፣ ዋናው ጥራቱ ነው።

ጊዜላ፦ በሳምንት ልበልልህ?

ዳሊቦር፦ አንድ ምሽት።

ጊዜላ፦ ምሽቱን ሙሉ?

ዳሊቦር፦ ገባሁ፣ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ፣ ወጣሁ። ስሜ ግን ተመዝግቧል፤ ማንም አይፍቀውም። ከዚያ ፊንላንድ። እዚያ አንድ አሰልጣኝ ነበር፣ በሦስት ዓመት ሁለት ቃል ነው ያናገረኝ። የመጀመሪያው «ግባ»።

ጊዜላ፦ ሁለተኛውስ?

ዳሊቦር፦ «ውጣ»።

[ከበላያቸው የዳሊቦር የቅጣት ሰዓት ዜሮ ደርሶ ጠፋ። እትዬ ጊዜላ ካልሲውን አስቀምጠው ተነሱ፣ መቀርቀሪያውን ስበው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።]

ጊዜላ፦ ልጄ...

ዳሊቦር፦ ምን እያደረጉ ነው እትዬ? ብርድ አስገቡብኝ እኮ። ጉልበቴ ውስጥ ሁለት ብሎን አለ፤ ብርድ ሲነካው ያንቀጫቅጨኛል።

ጊዜላ፦ ልዝጋው?

ዳሊቦር፦ ይዝጉት እንጂ፣ ሰው እያወራ።

[እትዬ ጊዜላ ወደ በረዶው አዩ፣ ዳሊቦርን አዩ፣ ትከሻቸውን ሰብቀው ዘጉት።]

ጊዜላ፦ ኢምሪህም ክፈቺ እንጂ ገፍተሽ አስወጪ አላለኝም። መሻገሪያው ላይም እንጨቱን አነሳ ነበር እንጂ መኪና ገፍቼ አላውቅ።

ዳሊቦር፦ ባልዎ ብልህ ሰው ናቸው። እና በፊንላንድ ከጨዋታ በኋላ ራቁታችንን የእንፋሎት ቤት ገብተን...

[ከቪሶካ ተጠባባቂዎች ወንበር በኩል ዱላዎች አጥሩን መደብደብ ጀመሩ። ቷ ቷ ቷ።]

ጊዜላ፦ እነዚያ ምን ነካቸው?

ዳሊቦር፦ ጭብጨባ ነው። ሆኪ ተጫዋች እጁ ጓንት ውስጥ ስለሆነ አያጨበጭብም፤ ዱላውን ከአጥሩ ጋር ያጋጫል። አንዱ ልጃችን ጉድ ሠርቷል ማለት ነው።

ጊዜላ፦ የሚያዩት ግን አንተን ነው።

ዳሊቦር፦ ያከብሩኛል። ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ።

ጊዜላ፦ ሽማግሌው፣ ባለ ከረባቱ፣ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ነው።

ዳሊቦር፦ አሰልጣኛችን ነው። «ተረጋጋ፣ እንዳትነሳ» ማለቱ ነው።

ጊዜላ፦ ኮቱን አውልቆ ወረወረው።

ዳሊቦር፦ ሙቀት አይችልም።

ጊዜላ፦ አሁን ደግሞ ኮቱን እየረገጠው ነው።

ዳሊቦር፦ እትዬ፣ ስሜታዊ ሰው ነው። በጥምቀተ ክርስትናም ያለቅሳል።

[የብሬዞፍ ተመልካች ነገሩ ገብቶታል። አዳራሹ በአንድ ድምፅ ይዘምር ገባ፦ «ዳ-ሊ-ቦር፣ ቁጭ በል! ዳ-ሊ-ቦር፣ ቁጭ በል!»]

ዳሊቦር፦ [ጆሮውን ወደ አዳራሹ አዘንብሎ] ይሰሙልኛል?

ጊዜላ፦ ቁጭ በል ነው የሚሉህ።

ዳሊቦር፦ እዚህ ከተማ ሁለት ክረምት ተጫውቼ ነበር እኮ። ወደ ቪሶካ ስሄድ ከሃዲ ብለው ቢራ ደፉብኝ። ዛሬ ደግሞ «አትሂድብን፣ ከኛ ጋር ቁጭ በል» ይሉኛል። ሰው ይቅር ሲል እንዲህ ነው እትዬ።

[ተነሳ። ገዱ እንዳይሰበር ዓይኑን ጨፍኖ ዞረ፣ ጓንቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአዳራሹ እጅ ነሣ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጀርባውን ሰጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ።]

ጊዜላ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። በሩ...

ዳሊቦር፦ በሩን ይተዉት። ያ ከቦርሳዎ ብቅ ያለው ምንድነው?

ጊዜላ፦ የድንች ቂጣ ነው። በዝይ ስብ የተቀባ። ለኋላ ብዬ ነው።

ዳሊቦር፦ [ጠቅልሎ እየጎረሰ] ይሄን ካዛክስታን ባገኘው ኖሮ አልቅሼ ነበር።

ጊዜላ፦ ካዛክስታን ደግሞ ምን አገባህ?

ዳሊቦር፦ ሥራ ነዋ። እዚያ የሚያጠጡህ የፈረስ ወተት ነው። የቡድኑ ባለቤት «ጎል ካገባህ ፈረስ እሰጥሃለሁ» አለኝ። የሀብታም ቀልድ መሰለኝ። አገባሁ። ጠዋት የተከራየሁበት ፎቅ ደረጃ ላይ ፈረስ ቆሟል።

ጊዜላ፦ ስንተኛ ፎቅ?

ዳሊቦር፦ አራተኛ።

ጊዜላ፦ ማን አወጣው?

ዳሊቦር፦ እሱን ልነግርዎት ነው። ልጓሙን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ፈረሱ እሷን ሲያይ...

[ጥሩምባው አምባረቀ። አዳራሹ ተናወጠ፣ ቢራ እንደ ዝናብ ዘነበ። የቪሶካ ተጠባባቂዎች ዱላ ጸጥ አለ።]

ዳሊቦር፦ ምንድነው? እኔ አላየሁም፣ ምንም አላየሁም።

ጊዜላ፦ እንጃ። የሚተቃቀፉት ግን ቀይ የለበሱት ናቸው።

[ዳሊቦር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ ወደ በረዶው ዞረ። ሰሌዳው ሦስት ለሁለት ይላል። ወዲያው የመጨረሻው ደወል ጮኸ። ከላይ ያለው ባለ ፀጉር ባርኔጣ ተነስቶ እየወጣ ነው።]

ዳሊቦር፦ እንዴት ይሆናል? ቆይ ቆይ። ሰሌዳው ላይ ቅጣት ያለበት የለም። እነሱ ከበረኛቸው ሌላ አምስት። እኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እትዬ፣ እኛ አራት ነን።

ጊዜላ፦ እኔም አራት ነው የቆጠርኩት።

ዳሊቦር፦ አምስተኛው የት ሄዶ ነው? ማነው ይሄ ደደብ? ሰው ቡድኑ እየተሸነፈ የት ይጎለታል? ያሳዩኝ፣ አማቴ ጎማ ቤት የከተተኝን ሰው ያሳዩኝ፤ በዚህ ዱላ ነው...

ጊዜላ፦ [ክራቸውን እየጠቀለሉ] አትቆጣ ልጄ፣ ምስኪን ነው። ፊንላንድ እያለ በሩን ከፍቼለት ነበር፤ ብርድ ገባብኝ ብሎ አዘጋኝ። አሁን ካዛክስታን አራተኛ ፎቅ ላይ ፈረስ ይዞ ቆሟል።