በአንደኛ ማርሽ ሰላምታ

መንገድ መሃል መኪናውን ገትሮ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሹፌር የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። ከኋላው ሠርግ ይምጣ፣ ምጥ ይምጣ፣ እሱ የሰውየው ከብት ደህና ማደሩን ሳይጠይቅ ንቅንቅ አይልም። እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን የዘሩን አባት ነው የማውቀው። ክቡር አቶ ጉልላት ይባላሉ፤ አገራቸው ወላይታ ሶዶ፣ ዘመኑም ጣልያን መንገዱን በጠረገ ማግስት፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳዎቹ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው።

አቶ ጉልላት መኪና እስኪይዙ ድረስ ዕድሜያቸውን በበቅሎ ላይ የፈጁ ሰው ናቸው። በቅሎ የለመደ ጨዋ ደግሞ የሚያከብረውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሳል። ከአንድ ግሪክ ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪና በገዙ ሰሞን፣ አንድ ቄስ ከፊት ለፊት ሲመጡ አዩና እንደ ልማዳቸው ዘለው ወረዱ። በቅሎ ጌታዋ ሲወርድ ቆማ ትጠብቃለች። መኪናዋ መንገዷን ቀጠለች። መስቀል ተሳልመው ቀና ሲሉ ጠላ ቤት ገብታ አገኟት።

"አስተዳደግ የላትም" አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ እያቆመ ይወርድ ነበር። ነገር ግን መኪናዋ ከቆመች ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተሩን ለማስነሳት ደግሞ አንድ ጎረምሳ ከፊቷ ቆሞ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ማነቬላ ማዞር አለበት። ሰላምታውን መተውማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መላ መቱ። ማርሹን አንደኛ ላይ ያደርጉታል፤ መኪናዋ እንደ ከበደች ላም ትራመዳለች፣ ጎማዋም መኪና ሲመላለስ በመንገዱ ላይ የቆፈረውን ቦይ ይዛ አትስትም። እርሳቸው ይወርዳሉ፣ ባርኔጣ ያወልቃሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ሮጠው ይሳፈራሉ።

"ከመኪናዋ የትኛውን ዕቃ አብልጠው ይወዳሉ?" ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። የከተማው ሰው ግማሹ በክላክሱ፣ ግማሹ በመብራቱ ያበደ ነው። አጎቴ ጋሽ እሸቴ ስፖኪዮውን ይወዳሉ፣ ጢማቸውን ያዩበታል። አቶ ጉልላት ከበሩ ሥር ያለችውን መርገጫ አሳዩኝ።

"ይቺን። መውረጃዋን። የቀረው ብረት ነው።"

"ፍሬኑስ?"

"ፍሬን ለቸኮለ ሰው ነው።"

ትዳሬ የወደቀው እንግዲህ በእኚህ ሰው እጅ ነበር። ልቤ በበዴሳ ከተማ ላለችው ለጽጌሬዳ ከተሸነፈ ቆይቷል። አባቷ አቶ ቦጋለ ግን ሁለት ወገን ሽማግሌ ልላክ ብሏቸው ቁርጡን ተናግረዋል። የእኔዎቹ በቀጠሮው ቀን ከቀትር በፊት ካልደረሱ ልጅቷ የሌላው ናት። የሽማግሌዎቼ ራስ ጋሽ እሸቴ ናቸው፤ ጉልበታቸው በቅሎ አልችል ካለ ሰንብቷል። የቀረልን የአቶ ጉልላት መኪና ነው። እኔም ሽማግሌ ተከትሎ መሄድ ነውር መሆኑ ሳይጠፋኝ፣ ማነቬላ አዟሪ ነኝ ብዬ ከኋላ ተሳፈርኩ።

ቀኑ የበዴሳ ገበያ ነበር። መንገዱ በሬ በሚነዳ፣ ቅቤ በተሸከመ፣ ቀርከሃ በሚጎትት ሰው ተጨናንቋል። አቶ ጉልላት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማያውቁት የለም። ወረዱ። ተሳፈሩ። ወረዱ። "ሳሮ! ሳሮ!" እያሉ በወላይትኛ ሰላም ይላሉ።

"ጉልላት፣ ኧረ ፀሐይዋ!" ይላሉ ጋሽ እሸቴ ከውስጥ።

"አየኋት፣ ዛሬስ ደህና ወጥታለች።"

የከብት ነጋዴው ቦልቴ ጋ ሲደርሱ ስለታመመች ላሙ ሊጠይቁ ወረዱ። መኪናዋ በሬዎቹ መሃል ገብታ አብራ ትራመድ ጀመር፤ በሬዎቹም ከጥቂት መገፋፋት በኋላ እንደ ዘመድ ቆጠሯት።

"ጋሼ፣ ይቺ መኪና ብቻዋን ነው እንዴ የምትሄደው?" አለ ቦልቴ።

"ተዋት፣ መንገዱን ታውቀዋለች።"

እኔ ከኋላ ሆኜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በዴሳ ጠርዝ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከፊታችን ባርኖስ የደረበ ሰው በበቅሎ ይመጣል። አቶ ቦጋለ! ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ለሌላው ወገን እሺታቸውን ሊያደርሱ መውጣታቸው ነው።

አቶ ጉልላት እኚህን ብቻ በመልክ አያውቋቸውም። ያዩት አንድ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ዘለው ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ጎነበሱ። አቶ ቦጋለም ደንግጠው ከበቅሏቸው ወረዱ። ሁለቱ መሳሳም ሲጀምሩ፣ እኛ ልጃቸውን ልንጠይቅ የመጣነው ሰዎች በአጠገባቸው ሽው ብለን አለፍን።

"ጌታዬ፣ ንቀን አይደለም! መውረድ አቅቶን ነው!" ጋሽ እሸቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ጮኹ።

ቦዩ አለቀ፤ መንገዱ ታጠፈ። መኪናዋ አልታጠፈችም። "ፍሬኑ የቱ ነው?" ስል ጋሽ እሸቴ ያገኙትን ተጫኑ፤ ክላክሱ ሆነ። ሽማግሌ በወጉ ደጅ ቆሞ "ግቡ" እስኪባል ይጠብቃል። እኛ ክላክስ እየነፋን የአቶ ቦጋለን አጥር ጥሰን ገባን፤ እንሰት ተደግፈን ቆምን፤ ሞተሩም ጠፋ።

ጽጌሬዳ ከቤት ወጥታ አጥሩን አየች፣ እኔን አየች።

"ሽማግሌ ነው የላክኸው ወይስ ጦር?" አለችኝ።

አለቀልኝ አልኩ። አባቷ መጡ። በአንድ እጃቸው በቅሏቸውን፣ በሌላው አቶ ጉልላትን ይዘዋል፤ ገና ስለ ዝናቡ አልጨረሱም። አጥሩ ጋ ሲደርሱ የተሰበረውን እንጨት በእግራቸው ገፋ አደረጉ።

"እስከ ዛሬ ያየሁት መኪና ሁሉ አቧራ አልብሶኝ ነው ያለፈው" አሉ። "የመኪና ሰው ወርዶ ሰላም ሲለኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።" ከዚያ ወደ ጋሽ እሸቴ ዞሩ። "አጥሩን ልጁ ይጠረው። አማች ቢያጥር ነውር የለውም።"

አማች! ጋሽ እሸቴ ከመኪናዋ ሳይወርዱ እልል አሉ።

ስንመለስ አንዲት አህያ የሚነዳ ሰው ከፊታችን ብቅ አለ። አቶ ጉልላት ማርሹን አንደኛ ላይ አድርገው ወረዱ። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ዘልዬ ወረድኩ።

"ኧረ ማነው የሚነዳው?" እያሉ ጋሽ እሸቴ ቀስ ብለው ከእኛ ራቁ።

ሰውየውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ባርኔጣዬን አውልቄ ልጆቹን ጠየቅሁት፣ ሚስቱን ጠየቅሁት፣ አህያዋንም ጠየቅሁት።