ጓንት የሌለው ወታደር

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የጠርሙስ ክዳን የሚሰበስብ አለ፤ ወዳጅ የሰበሰበ መስሎት ጠላት ሲያከማች የሚኖርም አይጠፋም። እናንተም ብትሆኑ አልጋችሁ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ለምን እንዳስቀመጣችሁት የማታውቁት አንድ ነገር አታጡም። እኔ ጦርነት እሰበስባለሁ። አትደንግጡ፤ ወረቀት ላይ ያለውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች በሳንቲም የሚሸጡ፣ በሥዕል የሚተርኩ ቀጫጭን የጦርነት መጽሔቶች ነበሩ፤ ኮሚክ ይሏቸዋል። እኔን የሚያባክነኝ ግን መጽሔቱ አይደለም። ገና ሳይታተም ሠዓሊው በቀለምና በብሩሽ የሠራው ዋናው ገጽ ነው። ዋናው ከታተመው በጣም ይተልቃል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሠዓሊው የተሳሳተበትን በነጭ ቀለም የሸፈነበት ቦታ ይታያችኋል፤ አሻራው የቀረበትም አለ። አሳታሚዎቹ አንዴ ካተሙ በኋላ ዋናውን ከሽንኩርት ልጣጭ አይለዩትም ነበር፤ ገሚሱ ተጣለ፣ ገሚሱ ተቀደደ፣ ገሚሱም በር ላይ ለተገኘ እንግዳ በስጦታ ተሰጠ። ከዚያ ሁሉ የተረፈውን ነው እኛ እብዶቹ የምናሳድደው።

ባለቤቴ ሰብለ ነገሩን ባጭሩ ነው የምትገልጸው። «እና፣ ከጦርነት ሸሽተን እዚህ ድረስ መጥተን፣ አንተ በፍሬም አድርገህ ሳሎን ልትሰቅለው ነው?»

 

የምንኖርበት ሲያትል ከተማ፣ ባቡሩ ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር መቆም በጀመረ ሰሞን ነው፤ እዚያው ሰፈር የአንድ የሞቱ ሽማግሌ የቤት ዕቃ ሲሸጥ ደረስኩ። ምድር ቤት፣ ከደረቁ የቀለም ቆርቆሮዎች ጀርባ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ገጽ አገኘሁ። የኮሪያ ጦርነት። በረዶ፣ ገደል፣ በአንድ ረድፍ የሚወጡ ወታደሮች። መጨረሻው ሥዕል ላይ አንድ ወጣት ብቻውን ቆሟል፤ ጠብመንጃውን በባዶ እጁ ይዞ ወደማናየው ነገር ያያል። የሠዓሊው ስም የለም። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሳሎን ሰቀልኩት። የሲያትልን ከሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ ካፊያው ዘነበ እንዳይባል አይዘንብም፣ አባራ እንዳይባል አያባራም። በእንዲህ ያለው ብርሃን ወንበሬ ላይ ተደግፌ ገጹን ሳይ፣ በረዶው ቀስ እያለ ይወርድ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ እግሬን ይበርደኛል። ሰብለ ማሞቂያው ስለተበላሸ ነው ትላለች። እሷ እንዳለችው ይሁን።

ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ነው የምነዳው። ዘወትር ከፊት ወንበር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አምሳ አለቃ ወልደየስ ይባላሉ፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ የመጡ የኮሪያ ዘማች። አንድ ቅዳሜ ቤቴ ጋበዝኳቸው። አልዋሻችሁም፤ ጀብዱ ልሰማ ቋምጬ፣ ድምፅ ለመቅዳት ስልኬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ገጹ ፊት ቆሙ።  ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ይኼ ልጅ ጓንቱ የት አለ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሠዓሊው ረስቶት ይሆናል፣ ጋሼ።»

«እዚያ ብርድ ውስጥ ጓንት አይረሳም።»

ከዚያ ተቀመጡና ነገሩኝ። ሽፈራው የሚባል ጓደኛ ነበራቸው። ጥበቃ ላይ ሳሉ የሽፈራው ጓንት ገደል ገባበት፤ አንዱን ጓንት አውሰኝ አላቸው። «ቆይ፣ እጄ ትንሽ ይሙቅና እሰጥሃለሁ አልኩት። እጄ ደግሞ አልሞቅ አለ። ሲነጋ ሦስት ጣቱ ጠቁሯል፤ ሐኪም ቆረጠው።» አምሳ አለቃ መዳፋቸውን ገለበጡና አዩት። «አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም። እስኪሞት ድረስ በዚያው እጁ ነበር የሚጨብጠኝ።»

ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መጡ። አንድ ቀን ታዲያ ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ጓንት ሣልለት» አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ በሰብሳቢዎቹ ሕግ ዋና ገጽ ላይ አንዲት መስመር መጨመር፣ ብራና ዳዊት ላይ የስልክ ቁጥር እንደመጻፍ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ላብ አጠመቀኝና፣ «ጋሼ፣ በትልቁ ኮፒ ላድርገውና ኮፒው ላይ እንሥላለን» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «የኮፒ ጓንት እጅ ያሞቃል?»

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጡም። አውቶቡስ ላይም የፊቱ ወንበር ባዶ ሆነ። ያን ሰሞን ሁለቴ ፌርማታ አልፌ ሰው ጮኸብኝ። በኋላ ልጃቸውን ኮል ባደርግ፣ ደረታቸውን አሟቸው ተኝተዋል። «ያን ሹፌር ልጅ በማይሆን ነገር አስቸገርኩት ይላሉ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ገጹን ከግድግዳው አወረድኩ። ሰብለ አየችኝ። ጭቅጭቅ ስጠብቅ፣ ያልተነካውን የገላ ፎጣ አምጥታ ገጹን እንደ ሕፃን ጠቀለለችው። «እኔ እነዳለሁ፤ አንተ እንዳይረጥብ ያዘው» አለች። የአምሳ አለቃ ልጅ ቤት ስንደርስ ዝናቡ በርትቶ ነበርና በሩ ላይ አወረደችኝ። «ግባ፤ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ።»

አምሳ አለቃ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ገጹን ጭናቸው ላይ አኖርኩና ጥቁር ቀለም ያለበትን ብዕር ሰጠኋቸው። «እኔ ሥዕል አልችልም፤ እርስዎ ያድርጉት» አልኩ። 

ጎንበስ ብለው ሣሉ። ቸኩለው አልነበረም፤ አውራ ጣቱን ለብቻ፣ ከዚያ መዳፉን፣ ከዚያ እስከ ክርኑ ድረስ። ሲጨርሱ ጓንቱ ጓንት ሳይሆን የጤፍ ከረጢት አክሏል። መስኮቱ ላይ ውሃ ይንቆረቆራል። ቀለሙ ላይ እፍ እፍ አሉበት፤ ሊያደርቁት ይሁን ሊያሞቁት አላወቅኩም።

«ይኸው፣ ሽፈራው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከደኑ።

ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ኖሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር፤ ገጹን ግን እንደ ድሮው ፊቱ ቆመው አያዩትም፤ አለፍ ሲሉ ብቻ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉለታል፣ እንደ ጎረቤት ሰላምታ።

ዓመታት አለፉ። ዌይን የሚባል፣ እንዲህ ያለውን የኮሚክ ሥዕል ዕድሜውን ሙሉ ያጠና ጡረተኛ አስተማሪ ገጹን ሊያይ ዴ ሞይን ከሚባል ከተማ መጣ። አጉሊ መነጽሩን አወጣ። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ሲያጎነብስ፣ እኔ ጥፋቱ የታወቀበት ተማሪ ሆኜ ጥግ ቆሜያለሁ። መጨረሻው ሥዕል ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ።

«ይህ ጓንት በኋላ የተጨመረ ነው» አለ፤ «ቀለሙ ይለያል። እጁም የሠዓሊ እጅ አይደለም።»

አዎ አልኩ።

መነጽሩን አስቀመጠ፤ ሌሎቹን ሥዕሎች እንደገና አየ፤ ወደ ጓንቱ ተመለሰ። «ሠዓሊው በረዶውን ጥሩ አድርጎ ሥሎታል። ብርዱን የሚያውቀው ግን ይኼኛው ነው። እዚያ ነበር እንዴ?»

«ነበሩ» አልኩት በአማርኛ።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም።