ልክክ የሚል ኤርበድ

ኤርበድ፣ ያንን ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ገመድ አልባ ማዳመጫ፣ ልትገዙ አስባችኋል? እንግዲያው የቢሮ ባልደረባዬን ማርቆስን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት። ሶዶ ውስጥ የጆሮ ነገር እንደ እሱ የሚያውቅ ሐኪም እንኳ አይገኝም።

«ያኛው ባትሪው ይቆያል፣ ግን ስትስቅ ይወድቃል። ይሄኛው ጆሮ ያሳምማል። የኔው ግን ልክክ ይላል፤ የውጭ ድምፅ የሚባል አያስገባም» ይላል።

እውነቱን ነው። ስንቴ ጠርቼው ፈገግ ብሎ ራሱን በእሺታ ነቅንቆልኛል!

ባለፈው ክረምት ሶዶ ሲታከሙ የሰነበቱትን አባቱን እስከ አገራቸው ገሱባ ሸኛቸው። እኔም ለመስክ ሥራ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ በወላይትኛ ቀስ ብለው ያወሩታል። እኔ፣ ያሳፍራል፣ ሶዶ ተወልጄ ቋንቋውን አላውቅም። ማርቆስ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አውርዶ ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል። ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው! አልኩ በሆዴ። ገሱባ ስንወርድ ግን ሁለቱንም ኤርበድ ከጆሮው አውጥቶ ወደ ማስቀመጫቸው ሲከት አየሁት።

አባቱ በሳምንቱ አረፉ። ለቅሶው ላይ የአገር ሽማግሌዎች ማርቆስን ጠርተው መሃል አስቀመጡት። አጠገቤ የነበረው ሰው የሚሉትን ተረጎመልኝ፦

«አባትህ ‹ኑዛዜዬን መኪና ላይ ለልጄ ነግሬዋለሁ፣ ሁሉንም እሺ ብሎኛል› ብሎን ነው ያረፈው። ነግሮሃል አይደል ልጄ?»

ማርቆስ ዞሮ አየኝ። እኔ ምን ላቀብለው?

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰና፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እነሱም ኑዛዜውን እስኪነግራቸው ጠበቁት።