ዶን ሲንፎሪያኖ የመረጡት ላፕቶፕ አይበላሽም

ሰፈር ሆኖ ላፕቶፕ መራጭ የሌለው የለም። እሱን ሳያማክር የገዛ ሰው ወዮለት! ዕቃው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ መራጩ ራሱን እየነቀነቀ ይመጣና፣ “ምነው አንድ ቃል ብትነግረኝ?” ብሎ ደስታው ላይ ውኃ ይቸልስበታል። በእኛ ሰፈር፣ በአሱንሲዮን ከተማ ባሪዮ ኦብሬሮ በሚባለው፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ዶን ሲንፎሪያኖ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የሊኑክስ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር።

ሊኑክስ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጭነውና ውስጡን ከፍቶ የሚያየው ሥርዓት ነው። ሌላው ሰው መስቀል በሚያስርበት ክር ዶን ሲንፎሪያኖ ፍላሽ አንጠልጥለዋል። ሊኑክስ ሙሉ በሙሉ እዚያች ፍላሽ ውስጥ አለ። ያገኙት ላፕቶፕ ላይ ይሰኳትና ምንም ሳይጭኑ ይሞክሩታል። ሃይማኖታቸው ነው እንዳልል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም።

አሮጌው ላፕቶፔ ሲሞትብኝ እኔም እጃቸው ላይ ወደቅሁ። ጋዜጣ ላይ እየጻፈ የሚያድር ሰው ኪሱ የታወቀ ነው፤ “ርካሽ ነገር ይገኝ ይሆን?” አልኳቸው።

“ርካሽ አትበል፣ ጡረተኛ በል” አሉኝ። “ባንክ ቤት አገልግሎ የወጣ ነው የምንፈልግልህ። አዲሶቹ ፊታቸው ያምራል እንጂ ሚሞሪያቸው ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ነገ ልጨምር ብትል አይጨመርልህም። ደግሞ አትቸኩል፤ ላፕቶፕ ጫማ አይደለም!”

በማግስቱ መርካዶ ኩዋትሮ ገበያ ወረድን። ያገለገሉ ላፕቶፖች የምትሸጠው ኢዳሊና ከሩቅ ስታያቸው እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

“መጡብኝ ደግሞ! ሰውዬ፣ ያቺን ነገርዎን ሰክተው ዕቃዬን እንዳያበላሹብኝ።”

“ልጄ፣ ስትነቀል ዱካዋም አይገኝ” አሉና አንዱ ላፕቶፕ ላይ ሰኳት። ዋይፋዩን ሞከሩ፣ ድምፁን ሞከሩ፣ እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው የማራገቢያውን ትንፋሽ አዳመጡ። ክዳኑን ዘግተው ትንሽ ቆዩና ከፈቱት። ስክሪኑ ጨለማ ነው።

“ይተኛል፤ አይነቃም” አሉ። “ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር መኖር አይቻልም።”

ሁለተኛው ክዳኑ ተጭሯል ተብሎ ወደቀ። ሦስተኛው የስፓኒሹ “ኝ” (ñ) ፊደል የለውም፤ ወይዘሮ ማለት የሆነው “ዶኛ” ደግሞ ያለ እሱ አይጻፍም። “ስለ ዳቦ ሻጯ ዶኛ ዴኦሊንዳ ስትጽፍ ዶና ልትላት ነው? ታስቀይምሃለች!” አሉኝ። በዚህ ዓይነት ስንመላለስ ሰነበትን። የምጽፍበት ስላልነበረኝ ጽሑፌን በስልኬ እየነካካሁ እልክ ነበር፤ አዘጋጄም ምን ነካህ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ኢዳሊና ትዕግሥቷ አለቀ።

“ዶን ሲንፎሪያኖ፣ ሚስትዎንም ሲመርጡ እንዲህ ነበሩ?”

“እሷ ናት የመረጠችኝ” አሉ። የያዙትን ላፕቶፕ ዘግተው መለሱላትና ወጣን። ባለቤታቸው ዶኛ ብላሲያ ካረፉ ቆይቷል፤ ልጆቻቸውም ቦነስ አይረስ ናቸው።

ከገበያ መልስ እኔ ቤት በረንዳ ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ ቴሬሬ የሚባለውን የቅጠል መጠጥ እንጠጣለን። በበረዶ የቀዘቀዘውን ውኃ ከቴርሞሳቸው ቅጠሉ ላይ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው፤ የቀንድ ዋንጫዋ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ትመላለሳለች። ዋንጫ ሲመልሱ ዝም ነው። “አመሰግናለሁ” ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይቀዳለትም። እኔም ብሆን ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ቶሎ አልጠግብም።

ከበረንዳው ፊት ለፊት የሮላንዶ የኮምፒውተር መጠገኛ አለ። ሮላንዶ የሚጭነው ከየትም የተቀዳ፣ ቫይረስ የወረረው ነገር ስለሆነ ደንበኞቹ ወር ሳይሞላቸው ይመለሳሉ። ቤቱ ሁልጊዜ በሰው እንደተሞላ ነው፤ ዋንጫው ይዞራል፣ ሳቁ እኛ ድረስ ይሰማል። ዶን ሲንፎሪያኖ “ያ ሌባ!” ይሉና ረጅም ጊዜ ያዩታል። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ነበር።

ነገሩን የገለጠችልኝ ቺፓ ዳቦዋን በቅርጫት ተሸክማ የምታልፈው ዶኛ ዴኦሊንዳ ናት።

“ለእህቴ ልጅ የመረጡላት ላፕቶፕ ዛሬም ይሠራል” አለችኝ። “አንድ ቀን አስነጥሶት አያውቅም!”

“ታዲያ ሄደሽ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?”

“ምን ብዬ ልሂድ? መቼ ተበላሸና!”

የሰፈሩን ቤት በየተራ አሰብኩት። የዶን ሲንፎሪያኖ እጅ ያልገባበት ቤት የለም፤ እሳቸውን የሚጠራ ቤት ግን አንድም የለም። ሁሉም በር ላይ ቆሞ “አመሰግናለሁ” ብሏቸዋል።

በመጨረሻ ላፕቶፑ ተገኘ። ተኛ፣ ነቃ፣ ዋይፋዩን ያዘ፣ “ኝ”ም አለው። በመጀመሪያው ቀን ክዳኑ ተጭሯል ብለው የጣሉት እሱ ራሱ ነው። ኢዳሊና እንዳንመለስባት ፈርታ ይሁን እንጃ፣ ዋጋውን ቀንሳ በሩ ድረስ ሸኘችን።

በረንዳው ላይ ሊኑክሱን ጫኑልኝ፤ ኢሜይሌንም አስተካከሉልኝ። የቴርሞሱ በረዶ ሳይቀልጥ ሁሉም አለቀ። ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

“አይበላሽም” አሉ፤ መርዶ የሚነግሩ ይመስል ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ፍላሿን አንገታቸው ላይ መለሱ። ቴርሞሱን ከደኑና ብብታቸው ሥር አደረጉት። ከዚያ ቆመው ጠበቁኝ፤ ምን እንደምላቸው ያውቃሉ።

ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

“ዶን ሲንፎሪያኖ፣ ፕሪንተርስ?”

“ፕሪንተር?”

“ልገዛ አስቤ ነበር።”

“ከሊኑክስ ጋር የሚስማማ ፕሪንተር?” ቴርሞሱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። “ወዳጄ፣ እሱ እንደ ላፕቶፕ ቀላል እንዳይመስልህ። አንዱ ያትምና ስካን አያደርግም፤ ሌላው ስካን ያደርግና አያትምም። ብዙ ጊዜ ይፈጅብናል።”

“ምን ቸገረኝ፤ ጊዜ አለኝ።”

ወንበሩን ወደ ጥላው ሳቡ፣ ተቀመጡ፣ ዋንጫዋን ሞልተው ሰጡኝ። ጠጣሁና ዝም ብዬ መለስኩላቸው።

ጽሑፎቼን በሙሉ ለጋዜጣው የምልከው በኢሜይል ነው፤ የማትመው አንዲት ወረቀት የለኝም። ይህን ደግሞ ዶን ሲንፎሪያኖ አሳምረው ያውቃሉ፤ ኢሜይሉን ያስተካከሉልኝ እሳቸው ናቸውና።