ጋሽ ግርማ እና ቢ ማይነር

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ችግርህን ተናግረህ ሳትጨርስ መፍትሔ የሚሰጥህ። መርሳ ላይ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ግርማ ናቸው። ሙያቸው የመኪና ጥገና ነው፤ ምክራቸው ግን በመኪና አይወሰንም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ይቺማ ቀላል ናት» ካሉ፣ የሚያውቃቸው ሰው ቀስ ብሎ ይሸሻል።

ሀስና የሱቋ በር አልዘጋ ሲላት «ወደ ውጭ እንዲከፈት ገልብጪው» አሏት። በሩ አሁን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ ሲከፈት ግን የመንገደኛ ግንባር ይመታል። ሾፌሩ ኑርሁሴን የጭነት መኪናው የኋላ ማርሽ አልገባ ቢለው፣ መለዋወጫው ከደሴ እስኪመጣ «ወደ ኋላ መሄድ የሚያስፈልግበት ቦታ አትቁማ» አሉት። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐራ በገባ ቁጥር ገበያውን ዞሮ ይወጣ ነበር።

መምህርት ናርዶስ ደግሞ ከእኚህ ሊቅ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ባለፈው ዓመት ውርጌሳ ላይ የሚኒባስ በር የግራ እጇን ሌባ ጣት ሰብሮባት፣ ጣቷ ሲድን እንደታጠፈ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጊታሯን አልነካችም። አሁን ግን ጊታር ያስተማሯት እትዬ ዘነበች ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቅዳሜ በሽኝታቸው ላይ እንድትጫወት ቃል ገብታለች። በምትጫወተው ዜማ ውስጥ ቢ ማይነር የሚሉት ኮርድ፣ ማለትም ክሮች አንድ ላይ ተይዘው የሚመቱበት የድምፅ ጥምረት፣ አለ። እሱ ሌባ ጣትን ቀጥ አድርጎ ክሮቹ ላይ ማስተኛት ይፈልጋል፤ የእሷ ጣት አይተኛም። እዚያ በደረሰች ቁጥር ድምፁ ይታፈናል።

ማክሰኞ ጋሽ ግርማ በሯን አንኳኩ።

«ያቺ ሁልጊዜ የምታደናቅፍሽ ምንድን ናት?»

«ቢ ማይነር ናት፣ ጋሽ ግርማ። ጣቴ አልዘረጋ ብሎ ነው። የሽኝቱን አዘጋጆች ሌላ ሰው ፈልጉ ልላቸው ነው።»

ምክሩን ጠበቀች። እሳቸው ግን ጣቷን ትክ ብለው አዩና «ይቺማ ቀላል ናት» ሳይሉ ሄዱ። ይሄ ይበልጥ አስጨነቃት።

ሐሙስ ከሰዓት ተመለሱ።

«ይቺማ ቀላል ናት። ሁለቱን ወፍራም ክሮች ተያቸው፣ አትምቻቸው። ሌባ ጣትሽ የመጨረሻዋን ቀጭን ክር ብቻ በጫፉ ይንካ። የቀሩትን ሦስቱን ሌሎቹ ጣቶችሽ ይይዙልሻል።»

«እሱማ ግማሽ ኮርድ ነው።»

«ሞክሪያት» ብለዋት ሄዱ።

ሞከረችው። የታጠፈው ጣት እንደታጠፈ ክሯን ያዘ፤ ቢ ማይነር ጥርት ብሎ ወጣ። ደገመችው። አሁንም ወጣ። ያን ሁሉ ቀን ትከሻዋ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ወረደላትና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ብቻዋን እንደ ልጅ ሳቀች።

ቅዳሜ አንድም ቦታ ሳትሰናከል ተጫወተች። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። ስትጨርስ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከወልድያ የመጣው የሠርግ ጊታሪስት ዳዊት ጠጋ አላት።

«አያያዝሽን አወቅኩት። ረቡዕ ዕለት አንድ አዛውንት መካኒክ ሌባ ጣታቸውን አጥፈው በፕላስተር አስረው ቤቴ ድረስ መጡ። ‹እንዲህ ለሆነ ሰው አሳየኝ› አሉኝ። እንዳይረሱት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሳቸው ሲለማመዱ ዋሉ።»

ናርዶስ ዞር ብላ አየች። ጋሽ ግርማ ከኋላ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ። ጠርሙሱን የያዙት ጣቶች ጫፋቸው በጊታር ክር ቆስሏል።

ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ግርማ፣ የቤቴ ጣሪያ ያፈሳል። ምን ይሻለኛል ይላሉ?»

ጋሽ ግርማ ጠርሙሱን አስቀመጡና ፊታቸው በራ።